ፍሪጁ አጋለጠኝ፤ አሁን ምን ላድርግ?

የቁም ሳጥኗ ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ሰላም ሰዎች። ለሁለት ዓመት እዚህ መድረክ ላይ የሌላውን ጭንቀት ሳነብ ነው የኖርኩት። ዛሬ ተራዬ ደረሰ። ይረዝማል፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

23 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አራት ኪሎና አምስት ኪሎ መሃል ነው፣ አሁንም እዛው ነኝ። «የቤት ልጅ» የሚባለው እኔ ነኝ። እስከ 12ኛ ክፍል ጠዋት አባዬ አድርሶኝ፣ ከሰዓት እማዬ ትመልሰኝ ነበር። ኮሌጅም የተመረጠልኝ ከቤት በእግር 10 ደቂቃ ስለሆነ ነው። አካውንቲንግ ተማርኩ። ለምን አካውንቲንግ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ስመረቅ ቦሌ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ «በየቀኑ እስከዛ ድረስ በታክሲ?» ተባለና ቀረ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብቻዬን ውጪ ሆኜ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። እሱ 5 ሰዓት ላይ ሲገባ ራት ይሞቅለታል።

ክፉ ቤተሰብ እንዳይመስላችሁ። አባዬ እኔ ሳልቀርብ ማዕድ አይቆርስም። ችግሩም እሱ ነው መሰለኝ።

ብቻዬን እንድሄድ የሚፈቀድልኝ ሦስት ቦታ ነው። ቅድስት ማርያም፣ አክስቴ ቤትና አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። አብርሆትን የፈቀደው ራሱ አባዬ ነው። 2014 ላይ ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይቶ «እንደዚህ ያለ ቦታ ሄዳችሁ አንብቡ» አለን። ወንድሜ አንድ ቀን ሄዶ ቀረ። እኔ እስካሁን እሄዳለሁ።

ነገሩ የጀመረውም እዛ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አይቻልም። እኔ ደግሞ ጥሩ ገጽ ሳገኝ አፌን ይበላኛል። ገጹን በስልክ አንስቼ ቤት እወስድና ለራሴ አነበዋለሁ። ከዛ መቅዳት ጀመርኩ። ከዛ ደግሞ ድምፅ መለያየት። ሽማግሌውን በወፍራሙ፣ ጎረቤትየዋን በአፍንጫ። እንግዲህ ሕልሜን ልናገር፤ ተራኪ መሆን ነው የምፈልገው። የመጽሐፍ ትረካ፣ የሬዲዮ ድራማ፣ ወይም የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ ሲመለስ ድምፅ እንደሚሆኑት ሰዎች። ፊቴ እንዲታይ አልፈልግም። ድምፄ ብቻ።

ቤታችን መንገድ ዳር ነው። ቀን ረዳቱ «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ይላል። ሊነጋ ሲል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ። የሚቀረኝ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ እገባለሁ፣ ላዬ ላይ ጋቢ እጥላለሁ። የእማዬ የሐበሻ ቀሚሶች እዛ ነው የሚሰቀሉት፣ ማሚቶውን ውጥ ያደርጉታል። አስቸጋሪው ፍሪጁ ነው። በግድግዳው ማዶ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ አውቶብስ ያጓራል። ስለዚህ ከመቅዳቴ በፊት እነቅለዋለሁ፣ ስጨርስ እሰካዋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልነቃም።

ባለፈው ሐሙስ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ።

እማዬ ለኪዳን ስትነሳ ምንጣፉ ረጥቧል። ፍሪጁ ተነቅሏል። ልትጠይቀኝ ክፍሌ ስትገባ አልጋው ባዶ ነው። «ልጄን!» ብላ ስትጮህ አባዬ በነጠላ ጫማ መንገድ ወጣ። ወንድሜ ለአክስቴ ደወለ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ያኔ እኔ ጋቢ እንደለበስኩ ከቁም ሳጥን ወጣሁ። የሰዉን ፊት ብታዩት።

ይባስ ብሎ አባዬ ስልኬን ከፍቶ ቅጂዎቹን ሰማ። የመጀመሪያው የወንድ ድምፅ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት፣ እኔ ክፍል ውስጥ፣ የወንድ ድምፅ! «ይሄ ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አልኩ። አላመነም። ጎረቤት ፊት ቆሜ በሽማግሌው ድምፅ ማውራት ነበረብኝ። ወንድሜ መሬት ላይ ተንከባለለ። እማዬ አማተበች። አባዬ ብዙ ዝም አለና «አዝማሪ ልትሆኚ ነው ያሳደግኩሽ?» አለኝ። ስልኬ ተወሰደ። መጨረሻ ላይ የተባልኩት «ስታገቢ ከባልሽ ጋር ትወስኚያለሽ» ነው። ይሄን የምጽፈው በወንድሜ ስልክ ነው፤ በሳምንት የ50 ብር ካርድ ያስከፍለኛል።

አሁን ጥያቄዬ። ይሄ ሳይሆን በፊት ለአንድ ስቱዲዮ ናሙና በቴሌግራም ልኬ ነበር። «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ረቡዕ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ለፈተና ነይ» ብለዋል። ስታዲየም አካባቢ ነው። ልሂድ? እንዴት ልሂድ? ወይስ ልተወው?

የአራዳ ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:41

«በሽማግሌው ድምፅ ማውራት ነበረብኝ» ላይ ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። እህቴ፣ ፈተናውን እኮ ጎረቤት ፊት አልፈሽዋል።

ጥቁር ካባ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:05

ሕጉ ምን እንደሚል ልንገርሽና ልተኛ። 18 ዓመት ከሞላሽ ጀምሮ የማንም ሞግዚትነት የለብሽም። የት እንደምትሠሪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። «ስታገቢ» ላሉሽም፣ የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ያለሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ጋብቻ አይጸናም ይላል። ካገባሽም በኋላ ባልና ሚስት እኩል ናቸው፤ ባል ፈቃድ ሰጪ ቢሮ አይደለም።

ይሄን ሁሉ ግን ለአባትሽ በራት ሰዓት አታንብቢላቸው። እኔ ለአባቴ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ጠቅሼ አውቃለሁ። ለአንድ ወር አኩርፎኛል።

የሦስት ልጆች አባት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ልጄ፣ አባትሽን ልደግፍ ነው የመጣሁት፤ ቅር አይበልሽ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ አለኝ። ጽሑፍሽን ሳነብ ሳቅኩ፣ መጨረሻው ላይ ግን ሳቄ ቆመ። አይተሽው የማታውቂው ስቱዲዮ፣ በቴሌግራም ብቻ የምታውቂው ሰው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። ተራሽ ደርሶ ስትወጪ ጨልሟል። የዚያን ሰዓት የታክሲ ሰልፍ የት ድረስ እንደሚደርስ ታውቂ ይሆን? አታውቂም፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ወጥተሽ አታውቂም። ይሄ ጥፋትሽ አይደለም፤ ግን እውነት ነው።

አባትሽ «አዝማሪ» ማለታቸው ልክ አልነበረም። ደንግጠው ነው። ልጁ የጠፋችበት ሰው በዚያ ሰዓት ቃል አይመርጥም።

ታዛቢዋ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:30

ጋሼ፣ አክብሬዎት ልጠይቅ። «በዚያ ሰዓት ወጥተሽ አታውቂም» አሏት። ማን ነው ያላስወጣት? አንዴ ዘግተውባት፣ ኋላ ደግሞ በር መክፈት አታውቂም ይሏታል።

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። የኛ እናቶች ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ስንት ቤት ነው ያለቀሰው? ስለማን ነው የተለቀሰው? አባቷ ቤት ውስጥ ስላስቀሯት ልጅ! የፊታውራሪ መሸሻን ጭካኔ እያወገዙ የራሳቸውን ልጅ ከ12 ሰዓት በኋላ ይቆልፋሉ። የልጅቷ እናት ትረካ ትወድ እንደሆነ ብታጣሪ ደስ ይለኛል።

የቁም ሳጥኗ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

@ታዛቢዋ እንዴት አወቅሽ? ትወዳለች። ሽንኩርት እየላጠች ነው የምትሰማው፣ ማልቀሷን ለመደበቅ። እኔን ትረካ ያስወደደችኝ እሷ ናት። ቅጂዬን ግን እስካሁን አልሰማሁም ነው የምትለው። አባዬ ሲከፍተው እኮ አጠገቡ ቆማ ነበር።

የሦስት ልጆች አባት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:02

@ታዛቢዋ ስለ ሰብለ ወንጌል ማልቀስና ልጅን ከማታ ታክሲ መጠበቅ አንድ ነው እንዴ? ፊታውራሪው ልጃቸውን ያስቀሯት ለዘር ሐረግና ለኩራት ነው። የእኛ ፍርሃት ከኩራት አይደለም። ባይሆን ከፊሉ አይደለም። ስትዪኝ ከፊሉ መሆኑን አሁን አሰብኩት።

ሚጡ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:44

እኔ 29 ነኝ። 24 ዓመቴ ላይ ተጣልቼ ከቤት ወጣሁ። ሕልሜ ምን እንደነበር አሁን ብናገር ትስቃላችሁ፣ ይቅር። የቤት ኪራይ፣ ብቻዬን የታመምኩባቸው ቀናት፣ የአባቴ የአንድ ዓመት ኩርፊያ። ጥሩ ነበር ወይ? ነፃነቱ ጥሩ ነበር። የመጀመሪያው ፋሲካ ግን ብቻዬን ዕንቁላል ጠብሼ በላሁ። ውጪ ለማለት አይደለም፣ አትውጪ ለማለትም አይደለም። ደሞዝ ሳትይዢ አትውጪ።

ባለ ሚክሰሩ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:18

ድምፅ ቀጂ ነኝ፣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ አባትና ልጅ አልገባም። ስለ ሥራው ልንገርሽ።

አንደኛ ፍሪጁን ተይው። መንቀሉ ችግር የለውም፣ ግን የመኪናሽን ቁልፍ ወይም የበር ቁልፍ ፍሪጁ ላይ አስቀምጪ፤ ቁልፍሽን ሳታነሺ አትወጪም፣ ስለዚህ መሰካቱን አትረሺም። ይቅርታ፣ አንቺ ቁልፍ የለሽም ለካ። ነጠላሽን አስቀምጪበት።

ስልኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር አርቂው፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን። «ፐ» እና «በ» ትንፋሽ ስለሚለቁ ይፈነዳሉ። ከመጀመርሽ በፊት ለአስር ሰከንድ ዝም ብለሽ ቅጂ፤ ያ ዝምታ በኋላ ጫጫታ ለመቀነስ ይጠቅማል። ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም በነፃ አለ፣ ኮምፒውተር ካገኘሽ። ዝቅተኛውን ጉርምርምታ ከ80 ኸርዝ በታች ቁረጪው፣ ከፍሪጁም የተወሰነው አብሮ ይሄዳል። ኤምፒ3 አድርገሽ አታስቀምጪ፣ ዌቭ ይሁን። ከመቅዳትሽ በፊት ወተትና ቅቤ ያለበት ነገር አትብዪ፣ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ለብ ያለ ውሃ ብቻ።

ወደ አማርኛ የሚመለስ ድራማ ላይ መሥራት ከትረካ ይለያል። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣት በዚህ ገብቷል። እዛ ድምፅ ማማር ብቻ አይበቃም፤ የሰውየው አፍ ሲዘጋ የአንቺም መዝጋት አለበት። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይሄ ቀላል አይደለም። ትረካ ላይ ግን ጊዜው የራስሽ ነው። በአንቺ አጻጻፍ ትረካ ይሻልሻል።

ስለ ስቱዲዮው። የሚታወቅ ቤት ከሆነ ቀን ፈትኑኝ ስትዪ አይቆጣም። ተቆጣ? መልስሽን አገኘሽ። ሰው ይዘሽ ሂጂ። ለፈተና ገንዘብ ክፈዪ ካሉ ውጪ። ሥራ ከሰጡሽ በጽሑፍ ይሁን፤ ብዙ ልጅ ሦስት መጽሐፍ አንብቦ በ«እንደዋወላለን» ተሸኝቷል። እኔ ራሴ እንደዛ ያለ ቤት ሠርቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በዩቲዩብ ልልቀቀው እንዳትዪ። የሌላ ሰው መጽሐፍ ያለፈቃድ ተርኮ ማሰራጨት በቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ ክልክል ነው። ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት መብቱ የእሱና የወራሾቹ ነው። ብዙ ቻናል እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ብዙ ሰው ቀይ መብራት ይጥሳል።

የአራዳ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

ነጠላ ፍሪጅ ላይ! እናትየዋ «ይሄ ምን ዓይነት መስተፋቅር ነው» ብለው ጠበል ይወስዷታል።

የቀበሌ ኪነት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ልጄ፣ እኔ ከእናንተ እድሜ ውጪ ነኝ። ልጄ ናት ይሄን መድረክ ያሳየችኝ። 57 ዓመቴ ነው።

እኔ የ16 ዓመት ልጅ ሆኜ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ዘፋኝ ነበርኩ። ጊዜው 1976 ማለቂያ ላይ ነው። አሥረኛው የአብዮት በዓል መስከረም 2 ቀን 1977 ሊከበር ሽርጉድ ነበር። ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ልምምድ እንሄዳለን። አባቴ ምን ይበል? የቀበሌ ጥሪ ነው፣ እምቢ አይባልም። በልጅ ልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ፖለቲካው አልገባኝም፣ ግድም አልነበረኝም። ማታ መውጣቱ ነው የጣመኝ። ከጓደኞቼ ጋር በጨለማ እየዘፈንን ስንመለስ፣ የአራት ኪሎ መንገድ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

ሰፈሩ ግን ስም አወጣልን። ኪነት የገባች ልጅ «ተበላሸች» ትባል ነበር። ከመሃላችን አንዷ ድምፅዋ እንደ ማር ነው። ብሔራዊ ቴአትር ሰው ጠርቷት ነበር። አባቷ ፀጉሯን ላጩት። ከዛ በኋላ አልዘፈነችም። እኔም 12ኛን ስጨርስ ዳሩኝ፣ ነገሩ ተዘጋ። በዓሉ ላይ አብዮት አደባባይ ቆመን የዘፈንነው ዘፈን ግጥሙ ጠፍቶኛል፣ ዜማው ግን እስካሁን ወጥ ሳማስል ይመጣል።

አስናቀች ወርቁን ታውቂያት ይሆናል፣ ክራር ይዛ። መጀመሪያ አካባቢ መድረክ ላይ የሴትን ቦታ ወንዶች ነበሩ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት። እሷና እኩዮቿ ናቸው ስድቡን ችለው የወጡት። እኔ አልቻልኩም። የቻሉትን አደንቃለሁ፣ ያልቻልነውንም አትናቁን።

እናትሽ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው። አራት ኪሎ ካደገች በዚያን ጊዜ ማታ ማታ የት እንደነበረች ጠይቂያት። አላውቃትም፣ እንዲሁ ነው። ግን ሽንኩርት እየላጡ ማልቀስን እኔም አውቀዋለሁ።

ጥቁር ካባ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12

እትዬ፣ ይሄን ለብቻው ቢጽፉት።

ዜማ ወዳዱ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:05

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው ሙዚቃ ሊማሩ ሲሉ ነው የተከለከሉት። ሐዘናቸውን ይዘው ግሸን ማርያም ገቡ። በ2015 ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር፤ የፒያኖ ሥራቸው ዓለምን ዞሯል። የታፈነ ተሰጥኦ መውጫ አያጣም ለማለት ነው።

የሦስት ልጆች አባት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:40

እሳቸው መነኮሱ እንጂ ማታ አልወጡም።

ታዛቢዋ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:52

ሃሃ፣ ይቺን ወድጃታለሁ ጋሼ። ግን @ዜማ ወዳዱ፣ ስንቷ መውጫ ሳታገኝ ቀረች? የእሷን ስም አናውቀውም። ምሳሌ የምትሆነን የወጣችው ብቻ ናት።

አወያይ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

ከዚህ በላይ የነበረ አንድ አስተያየት ተሰርዟል። ልጅቷን «ድምፅሽን ላኪልኝና ልፍረድ» ብሎ ስልክ ቁጥር ያስቀመጠው ሰው ታግዷል። ውይይቱ ይቀጥል።

ጆሮ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:25

ይሄን የምጽፈው በድምፅ ነው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። ዓይነ ስውር ነኝ። ስድስት ኪሎ ታሪክ እማራለሁ።

ስለ ፈተናው አላውቅም። ስለ ንባብ ግን አውቃለሁ። የእኛ ትልቁ ችግር አንባቢ ነው። መምህሩ 200 ገጽ የአማርኛ ጥራዝ ይሰጣል፣ ፈተናው በሁለት ሳምንት ነው። ብሬይል የለም። ስልኬ ጽሑፍ ያነብልኛል፣ ግን አማርኛውን ይገድለዋል። እናንተ ስለምታዩ አታስተውሉትም፤ ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። ሰው ከአረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ማሽኑ ግን «ገና» ሲያገኝ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው አያውቅም። «አለ» ሲያገኝ ሰውየው ተናገረ ይሁን ቤት ውስጥ ይገኛል አይገባውም። አንድ ገጽ ላይ አስር ጊዜ እንዲህ ሲሆን ራስ ያማል።

ስለዚህ ሰው እንለምናለን። ጓደኛ ያነብልናል፣ ግን ይቸኩላል፣ ያዛጋል፣ የግርጌውን ይዘላል። አንዷ ልጅ ስታነብልኝ መሃል ላይ ስልክ አንስታ ቡና ቀጠረች፣ ቅጂው ላይ አለ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ያንኑ መጽሐፍ እንደ አዲስ ያስነብባል።

አንቺ ስድስት ወር ቁም ሳጥን ውስጥ ስታነቢ የሰማሽ ሰው አልነበረም። እኛ ደግሞ የሚያነብልን አጣን። ግቢው ከቤትሽ በእግር ነው። በቀን ነው። ስለ ቅጂ መብትም አትፍሪ፣ ለዓይነ ስውራን በሚያገለግል መልክ ለማዘጋጀት የማራካሽ ስምምነት የሚባል አለ፣ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ክፍያ ግን የለም። ሻይ እንጋብዛለን።

ባለ ሚክሰሩ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

@ጆሮ ወንድሜ፣ 11 ዓመት ስቱዲዮ ተቀምጬ ስለ መጥበቅና መላላት እንደዚህ ያስረዳኝ የለም። ሁለተኛ እጅ ማይክ አለኝ፣ በውስጥ መስመር አድራሻህን ላክልኝ።

የቁም ሳጥኗ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:55

አልሄድኩም። ለስቱዲዮው «በቀን ይሁንልኝ፣ እሁድ ጠዋትም ቢሆን» ብዬ ጻፍኩ። አንብበውታል። መልስ የለም። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሳሎን ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አየሁት። 12 ሰዓት ሆነ፣ 12 ተኩል ሆነ። ወንድሜ ኳስ ከፈተ።

@የቀበሌ ኪነት እትዬ፣ ጠየቅኳት። ወጥ ቤት ነበርን። «እማዬ፣ በ77 ማታ ማታ የት ነበርሽ?» አልኩ። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማን ነገረሽ?» አለች። «ማንም» አልኩ። «እንግዲያው ማንንም ጠይቂ» ብላ ሽንኩርቱን ቀጠለች። ሌላ ምንም አላለችም። እርስዎ ያሏት ባለ ማር ድምፅ ልጅ ስሟ ማን ነበር?

የቀበሌ ኪነት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12:40

ስም እዚህ አይጻፍም፣ ልጄ። ብቻ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ነበራት።

የቁም ሳጥኗ ልጅ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:05

የእማዬ ቅንድብ ላይ ምንም የለም። ትንሽ ቅር አለኝ። ለካ እንድትሆን ፈልጌ ነበር።

ታዛቢዋ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:20

«ማን ነገረሽ» ግን መልስ ነው።

የቁም ሳጥኗ ልጅ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከምሽቱ 3:15

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። ስልኬ ተመልሶልኛል።

ስለ @ጆሮ ለአባዬ የነገርኩት እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው፣ ሆን ብዬ። ለዓይነ ስውር ተማሪ ማንበብ ነው አልኩት፣ ቀን ነው፣ ስድስት ኪሎ ነው። ብዙ አሰበ። «ጽድቅ ነው» አለ። ግን የመጀመሪያውን ቀን አብሮኝ መጣ። ከማን ጋር እንደምቀመጥ ካላየ አይሆንለትም። እኔ ሳነብ ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ጋዜጣ ይዞ። ጋዜጣውን አንድም ጊዜ አልገለጠውም። ለሁለት ሰዓት ስለ መሳፍንት ዘመን አነበብኩ። ድምፅ መለያየት የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ቀን ብርሃን ላይ በራሴ ድምፅ ብቻ። @ጆሮ ሦስት ጊዜ አስቁሞኛል። የሚጠብቀውን ቃል አላልቼ ስላነበብኩ ነው አንዱ።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ብቻዬን እሄዳለሁ። አራት ተማሪ ሆነዋል። እየተቀዳ ስለሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል። @ባለ ሚክሰሩ የላኩት ማይክ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን።

ሁሉም ነገር ተፈታ ማለት ግን አይደለም። ሌላ ስቱዲዮ፣ በቀን የሚቀጥር፣ እናቴን ይዤ መሄድ የምችልበት አግኝቼ ለአባዬ ነገርኩት። «ያኛው ጽድቅ ነው፣ ይሄ ግን ሥራ አይደለም» አለኝ። በነፃ ሳነብ ጨዋ ነኝ፣ ሲከፈለኝ አዝማሪ። ይሄን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ደግሞ ከፋሲካ በኋላ «ሰዎች ይመጣሉ» ተብሏል። ሽማግሌዎች። ልጁ መሐንዲስ ነው፣ አላየሁትም። @ጥቁር ካባ ያልከኝን አዋጅ ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ።

የሦስት ልጆች አባት · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:40

ዛፍ ሥር የተቀመጡትን አባት ገባኝ። ስለ ሽማግሌዎቹ ግን፣ ልጄ፣ ከመምጣታቸው በፊት ተናገሪ። ሰው ቤት ከገባ በኋላ እምቢ ማለት ለአባትሽ ውርደት ይሆንበታል፣ ቀድመሽ ካልሽው ግን መላ ያበጃል። ይሄን የምለው ሴት ልጆቼ ሳያነቡት ነው።

ሚጡ · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:58

ደሞዝ!! ከሽማግሌ በፊት ደሞዝ። የአካውንቲንግ ዲግሪሽን አቧራውን አራግፊው፣ ለጊዜውም ቢሆን።

የአራዳ ልጅ · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:02

ፍሪጁስ? ስለ ፍሪጁ ማንም አይጠይቅም?

የቁም ሳጥኗ ልጅ · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:30

አሁንም ሌሊት እቀዳለሁ፣ ሽማግሌውን መተው አልቻልኩም። ትናንት 6 ሰዓት ላይ ልነቅለው በእግሬ ጣት እየሄድኩ ሳሎን ገባሁ። ፍሪጁ ዝም ብሏል። ላዩ ላይ የእማዬ ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

የአራዳ ልጅ · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:33

መብራት ጠፍቶ እንዳይሆን።

የቁም ሳጥኗ ልጅ · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:35

የበረንዳው አምፖል በርቶ ነበር።